የትምህርት ቤቱ ምሳ ከማሳችን ይምጣ



ለዛሬው ትምህርት መነሻ የሆነኝ አንድ ጥያቄ ነው። ማታ ማታ ፊደል ከሚማሩት መካከል አንድ አባት ተነሡና፣ «ልጄ፣ በቆሎዬን በታኅሣሥ ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ወሰደው። ክረምት ሲገባ በውድ መልሼ የምሸምተው እኔው ነኝ። ልጆቻችን ደግሞ እዚያ ማዶ ትምህርት ቤት ጦማቸውን ይውላሉ። እህሉንና ልጆቹን ማገናኘት አይቻልም ወይ?» አሉኝ። መልሱ ይቻላል ነው። እንዴት እንደሚቻል ግን ደረጃ በደረጃ እንማር።

አስቀድመን ችግሩን እንመልከት። ልጁ ማለዳ ጥቂት ቆሎ ቆርጥሞ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይቀምስ ረጅም መንገድ ተጉዞ ይመጣል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ይከታተላል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ልቡ ግን የለም። በዕረፍት ሰዓት ወደ ቤቱ ከሄደም ላይመለስ ይችላል። ታዲያ ሰነፍ ነው እንላለን። ሰነፍ አይደለም፤ ርቦት ነው እንጂ!

ይህን ችግር ሌሎችም አይተውታል። በአገራችን የዓለም ምግብ ፕሮግራም ተማሪዎችን መመገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ምግቡን ከአካባቢው ገበሬ በመግዛት የሚካሄድ ምገባ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል ተጀመረ። ብራዚል በምትባለው አገር እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ፣ መንግሥት ለተማሪዎች ምግብ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ምርት እንዲገዛበት ደነገገ። በዚህ መንገድ ልጁ ይጠግባል፤ ገበሬውም የታወቀ ገዢ ያገኛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ደብተራችሁን አውጡ!

ለምሳሌ 200 ተማሪዎች አሉ እንበል። ለአንድ ልጅ በቀን 120 ግራም እህልና 30 ግራም ጥራጥሬ ቢታሰብ፣ ለሁሉም በቀን 24 ኪሎ እህልና 6 ኪሎ ጥራጥሬ ይሆናል። በወር 20 የትምህርት ቀን ቢኖር እህሉ 480 ኪሎ፣ ጥራጥሬው 120 ኪሎ ነው። ይህ ለአንድ ገበሬ ከባድ ነው። 24 አባወራዎችና እማወራዎች ቢካፈሉት ግን ለእያንዳንዳቸው በወር 20 ኪሎ እህልና 5 ኪሎ ጥራጥሬ ብቻ ይደርሳቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ጥራቱ ነው። እርጥበት ያለው በቆሎ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ ደግሞ ቢቀቀልም ቢጋገርም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ ከመክተታችን በፊት እንፈትሸው። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሩቡ በቆሎ ጨምሩ። በፀሐይ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ አክሉበት። ከድናችሁ በደንብ ነቅንቁትና ለሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና እንደገና ይሰጣ። ካልተጣበቀ ደርቋል ማለት ነው።

ስለ ምግቡም እንወቅ። በቆሎ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይገነባም። ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከቦለቄ ጋር ሲሆን ግን አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ቦለቄ እስኪለሰልስ ድረስ መቀቀል አለበት፤ ጥሬነት ካለው ሆድ ያማል። ጎመን፣ ካሮትና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች በጥቂት ዘይት ሲሠሩ ልጁን ከዳፍንት ይከላከላሉ። ትምህርት ቤቱ ጥግ ላይ አንዲት መደብ ጎመን ቢተከል፣ ልጆቹ የሚማሩትን በዓይናቸው ያያሉ፣ በእጃቸውም ይኮተኩታሉ። ኩትኳቶ የሚያስተምረው መምህር ከጠፋ እናንተ አላችሁ እኮ!

እንግዲህ «ገንዘቡ ቢዘገይስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገር አትርሱ።

1. ዘርንና የቤትን ቀለብ አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ትርፉን ብቻ መሸጥ፤
2. ዋጋው፣ መጠኑና የክፍያው ቀን በውል ላይ እንዲጻፍ ማድረግ፤
3. ሚዛኑ በሁለቱም ወገን ፊት እንዲታይ፣ ደረሰኙም እዚያው እንዲሰጥ መጠየቅ።

ውሉ ላይ አውራ ጣት ከማሳረፋችሁ በፊት አንብቡት። 480 የሚለውን 430 አድርጎ የሚጽፍ ቢመጣ የሚይዘው ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ማታ በኩራዝ የምንቆጥረው ፊደል ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

ጥያቄውን ያነሡት አባት ባለፈው ማታ ሒሳቡን በራሳቸው እጅ ሠርተው አሳዩኝ። አንድ ዜሮ ብቻ ነው የረሱት። እሷንም ጎረቤታቸው አረሟት።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ተማሪዎቹ 300 ቢሆኑ በቀን ስንት ኪሎ እህል ያስፈልጋል?
ለ. በቆሎ መድረቁን በምን እናውቃለን?
ሐ. በአካባቢያችሁ በየትኛው ወር ምን ይደርሳል? ጻፉና ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አሳዩ። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ወረቀት ነው።