ቀዩ ይታይ፣ ጌጡ ይቆይ፦ ግዕዝና አማርኛ ያለበትን ጽሑፍ በስቶሪ ኤዲተር ማረም

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በእግር ወይም በበቅሎ ለሚወጣ እንግዳ የምትሰጥ ትንሽ መምሪያ እያዘጋጁ ነው እንበል። ገሚሷ አማርኛ ናት፦ ስለ ዳገቱ፣ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጠው ከፍታ፣ ከአለት ስለተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን፣ ከደብሩ ጋር ስሙ ስለሚነሣው ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ። ቀሪው የግዕዝ ጸሎት ነው፤ በጸሎቱ ውስጥ የእመቤታችን ስም በቀይ ይገባል።

ገጽ የሚቀናበርባቸው ፕሮግራሞች፣ ኢንዲዛይንም ሆነ ስክሪበስ፣ ከገጹ ተነጥሎ ጽሑፉ ብቻ የሚታረምበት መስኮት አላቸው፤ ስሙም በሁለቱም ስቶሪ ኤዲተር ነው። ጽሑፉ ያለበትን ሳጥን መርጠው በኢንዲዛይን ኮንትሮልና ዋይ፣ በስክሪበስ ኮንትሮልና ቲ ሲጫኑ ይከፈታል። ሥዕልም ዓምድም የለበትም። አንዳንድ ዲዛይነር ይህን አይቶ “ገጹን ካልመሰለ ምን ያደርግልኛል?” ይላል። እኔ የምለው ግን ሲጠፋ ትርጉም የሚያዛባ ነገር ሁሉ በማረሚያው መስኮት መታወቅ አለበት፤ የቀረው ሁሉ ገጹ ላይ ይጠብቅ።

አንደኛ፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ መሆኑን ያረጋግጡ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስቶሪ ኤዲተር ደግሞ የገጹን ፎንት ትቶ ሁሉን በአንድ ፎንት ስለሚያሳይ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝባዝንኬ ይሆንብዎታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መስኮቱን ይረግማል፤ መስኮቱ ግን እውነቱን ነው የተናገረው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ። ፊደሉ ከተበላሸ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያዙሩት። ሲጨርሱ እንደ “ኵ”፣ “ጐ” እና “ቈ” ያሉትን በዓይንዎ ይፈትሹ፤ መቀየሪያዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የመስኮቱን ፎንት ይምረጡ። በኢንዲዛይን ፕሪፈረንስስ ውስጥ ስቶሪ ኤዲተር ዲስፕሌይ የሚለውን፣ በስክሪበስ በራሱ በመስኮቱ ሴቲንግስ የሚለውን ይክፈቱ። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ይበቃል። መጠኑን 16 ወይም 18 ያድርጉት እንጂ በገጹ 9 አይመኑ፤ “ው” እና “ዉ”፣ “ዐ” እና “ዕ” የሚለዩት ፊደሉ ሲተልቅ ነው። ይህ ምርጫ መምሪያዋ ላይ ምንም አይለውጥም።

ሦስተኛ፣ በግራ በኩል ያለው የስታይል ስም ዝርዝር ክፍት ይሁን። ለእያንዳንዱ አንቀጽ “ርእስ”፣ “አማርኛ”፣ “ግዕዝ” እያሉ ስታይል ያብጁ። ርእሱ ተልቆ መታየት የለበትም፤ ርእስ መሆኑን ስሙ ከነገረን በቂ ነው። “አማርኛ” እና “ግዕዝ” ተለይተው መታወቃቸው ግን ከጌጥ በላይ ነው። አራሚው በአማርኛው ክፍል “ሠ”ን በ“ሰ” ቢለውጥ ብዙም አያስቆጣም፤ በግዕዙ ላይ ያንኑ ቢያደርግ ካህናቱ አይቀበሉትም፣ ትክክልም ናቸው።

አራተኛው፣ ብዙ ሥራ ያለበት፣ ቀዩ ነው። የብራና ጸሐፊ ዘመም ፊደል አያውቅም፤ ክብርን የሚያሳየው በቀይ ቀለም ነው። ስለዚህ ቀዩን እንደ ተራ ማስዋቢያ መቁጠር ስሕተት ነው። ኢንዲዛይን በስቶሪ ኤዲተር ጽሑፉን በአንድ ቀለም ስለሚያሳይ የትኛው “ማርያም” ቀይ እንደሆነ፣ የትኛው እንደተዘለለ በዚያ አይታይም። ይህን የፕሮግራሙ ጉድለት እለዋለሁ።

መላው እንዲህ ነው። “ቀይ” የሚል የካራክተር ስታይል ይፍጠሩ፤ ቃሉን መርጦ ቀለም መቀባትን ይተዉ። ከዚያ በኢንዲዛይን በ“ግዕዝ” የአንቀጽ ስታይል ውስጥ፣ ግሬፕ ስታይል በሚለው ክፍል፣ “ማርያም” የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር “ቀይ”ን እንዲለብስ ያዝዙ። “ለማርያም”፣ “ወማርያም” ሲል የፊተኛዋ ፊደል ትቅላ ወይስ ጥቁር ትቅር የሚለውን አስቀድመው ከካህናቱ ጋር ይስማሙ። ትእዛዙን በ“አማርኛ” ስታይል ውስጥ አያስገቡ፤ አለዚያ “አሸተን ማርያም” የሚለው የቦታ ስም በየገጹ ግማሹ ይቀላል። “ቀይ”ን በእጅ የሚያለብሱ ከሆነ ደግሞ መፈለጊያውን ከፍተው ቃሉን “ማርያም”፣ የካራክተር ስታይሉን “የለም” በሚለው ያድርጉና ያስሱ፤ የተዘለለውን ሁሉ ያወጣልዎታል። ግሬፕ ስታይል ያቀላውን ግን እንዳልቀላ ስለሚቆጥረው በእጅ ወይስ በትእዛዝ እንደሚሠሩ ከመጀመሪያው ይወስኑ።

ቦልድና ኢታሊክ? ለእነርሱ ጊዜ አላጠፋም። በኮምፒዩተር የተጋደመ የግዕዝ ፊደል ለዓይን አይመችም፤ ከገጹም ቢወጣ አልቀየምም።

አሁን ያርሙ። ከሳጥኑ ተርፎ ገጹ ላይ የማይታየው ጽሑፍ እዚህ ይታያል፤ ኢንዲዛይን ትርፉን በጎን በቀይ መስመር ያመለክታል። የስም አጻጻፍ አንድ መሆኑን በመፈለጊያው ይፈትሹ፦ “ነአኵቶ ለአብ” በአንድ ገጽ፣ “ናኩቶ ለአብ” በሌላው እንዳይሆን። በስክሪበስ የሚያርሙ ከሆነ፣ አፕዴት የሚለውን ካልተጫኑ እርማቱ ወደ ገጹ አይሄድም።

ወደ ገጹ ከተመለሱ በኋላ በቀለም አትመው ካህን ያስነብቡ። ለማተሚያ ቤቱም ቀዩ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ቀለም እንዲሆን ይንገሩ። ቀዩ ከማጀንታና ከቢጫ ተደራርቦ ከወጣ፣ ወረቀቱ በትንሹም ቢንሸራተት ቀጫጭኑ ፊደል ጠርዙ ይደበዝዛል።