ጠያቂው ብዙ፣ መልስ ይዞ የሚመለሰው ጥቂት፦ ከተሞች ተፈናቃዮችን እንዲቀበሉ ጥናት እንዴት ይረዳል?

ባለፈው ሴሜስተር እኛ የማህበራዊ ሥራ ተማሪዎች በፔታህ ቲክቫ፣ በማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ ለትምህርታችን የሚሆን መጠይቅ ይዘን ከቤት ወደ ቤት ዞረን ነበር። (የኢየሩሳሌሙ ሹክ እንዳይመስላችሁ፤ ከየመን የመጡ አይሁዶች የመሠረቱት የፔታህ ቲክቫው ማሃኔ የሁዳ ነው።) አንዲት እናት ቡና አፍልተው፣ ዳቦ ቆርሰው ካስተናገዱን በኋላ ወረቀታችንን አይተው እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ጠይቁኝ፤ ችግር የለም። መርካዝ ክሊታ ሳለሁ ጠይቀውኛል፣ ቤት ስንገዛ ጠይቀውኛል፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲገቡም ጠይቀውኛል። ግን ያገኘነው ይህ ነው ብሎ የተመለሰ ሰው አላየሁም።»

የምንመልሰው አጣን። በዚያው ሳምንት በክፍል ውስጥ የምንማረው የአፍሪካ ከተሞች ከቀያቸው የተነቀሉ ሰዎችን እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ጥናትም በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው ነበር። ትምህርቱንና የእኒህን እናት ንግግር አንድ ላይ ስናስቀምጥ፣ ይህ ጉዳይ ከማናችንም በላይ እኛን የሚመለከት ሆኖ አገኘነው። ለዚህ ነው ለእናንተም ልናካፍል የወደድነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃላቱን እንለይ

«ስደተኛ» የምንለው ከጦርነት ወይም ከጥቃት ሸሽቶ የአገሩን ድንበር የተሻገረ ሰው ነው። «የአገር ውስጥ ተፈናቃይ» ደግሞ ድንበር ሳይሻገር በገዛ አገሩ ከቤቱ የተነቀለ ነው። ለስደተኛው የ1951 ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ለተፈናቃዩ የአፍሪካ ኅብረት በ2009 በካምፓላ ስምምነት አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም በ2020 በአዋጅ አጽድቃዋለች። እኛ እዚህ «ኦሊም» ነን፤ ቤተሰቦቻችን ሲገቡ ዜግነት ይጠብቃቸው ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚኖር ኤርትራዊ ስደተኛና በፔታህ ቲክቫ የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ኑሯቸው አንድ ነው አንልም። ሆኖም እኛ ክሊታ የምንለው ጉዳይ የሁለቱም ጥያቄ ነው፦ አዲስ የመጣ ሰው የከተማው ሰው የሚሆነው እንዴት ነው?

ብዙዎቻችን «ስደተኛ» ሲባል ድንኳን ይታየናል። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ግን በከተማና በከተማ ዳር ነው። በድንኳን ያለውን መቁጠር ቀላል ነው፤ በኪራይ ክፍል ወይም በዘመድ ቤት ያለውን መቁጠር ከባድ ነው። ካልተቆጠረ ደግሞ ውኃው፣ ክሊኒኩና የትምህርት ቤቱ ወንበር ሲታቀድ አይታሰብም።

ወላጆቻችን በአዲስ አበባ

ይህ ታሪክ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም። በ1989 መጨረሻ ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን ካደሱ በኋላ፣ በ1990 በሺዎች የሚቆጠሩ የቤተ እስራኤል ሰዎች ከጎንደር ገጠሮች መሬታቸውንና ከብታቸውን ትተው ወደ አዲስ አበባ ገቡ። ትናንት ገበሬ የነበረው ሰው የከተማ ተከራይ ሆነ። በጠባብ ክፍል ታጭቀው ቀኑን ይጠብቁ ጀመር። መጨናነቁ በሽታ አመጣ፤ በተለይ ሕፃናት ሞቱ።

ጆይንት የተባለው የአይሁድ ረድኤት ድርጅት የሕክምና አገልግሎት ጀመረ። ዶክተር ሪክ ሆድስም በ1990 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ለዚህ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ክሊኒክ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ከገጠር የመጣች እናት ከተማውን አታውቀው፣ ልጇ ሲታመም ወዴት እንደምትሄድ አታውቅ። ስለዚህ ከማኅበረሰቡ የተመለመሉ ሰዎች ሠልጥነው በየቤቱ መዞር ጀመሩ። ማን ታመመ? ማን አልተከተበም? ማን መድኃኒት አቋረጠ? እያሉ ጠየቁ፤ የጠየቁትንም ይዘው ወደ ሐኪሞቹ ተመለሱ። ሞቱም ቀነሰ።

ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,300 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ ሰምተናል። ስለ እነዚያ የበር ለበር ወራት ግን ብዙም አይነገረንም፤ ለማህበራዊ ሥራ ተማሪ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ነው። ጠያቂው ከተጠያቂው ወገን ነበር፤ መልሱም በማግስቱ ወደ ሥራ ይለወጥ ነበር።

የሱዳኑ ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ከዘመቻ ሙሴ በፊት፣ በ1984፣ በኡም ራኩባ ካምፕና በገዳሪፍ ከተማ አካባቢ የነበሩት ወገኖቻችን አይሁድነታቸውን ይደብቁ ነበር። እውነቱን ለጠያቂ መናገር ለሕይወት ያሰጋ ነበርና። በመንገድና በካምፕ 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ሰው ሲፈራ መዝገብ እውነቱን አይናገርም። ዛሬም በየትኛውም ከተማ ተፈናቃይ በር ሲንኳኳበት አስቀድሞ የሚያስበው «ይህን ወረቀት ማን ያየዋል?» ብሎ ነው።

ካምፓላ፦ አንድ ቁጥር ምን ይለውጣል?

ዑጋንዳ በ2006 ባወጣችው ሕግ ስደተኛ እንዲንቀሳቀስና እንዲሠራ ፈቅዳለች። በካምፓላ ሶማሊያውያን በኪሴኒ ሰፈር፣ ብዙ ኮንጎዎች ደግሞ በንሳምቢያ ይኖራሉ። በ2013 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በካምፓላና በገጠር የስደተኛ ሰፈራዎች ውስጥ ሰዎቹ በምን እንደሚተዳደሩ አጠኑ። መረጃ ከሰበሰቡት መካከል ለዚሁ የሠለጠኑ ስደተኞች ነበሩበት።

ያገኙትም ይህን ነው፦ በካምፓላ ከነበሩት ስደተኞች 21 በመቶው ቢያንስ አንድ ሰው የሚቀጥር ንግድ ነበራቸው። ከተቀጣሪዎቻቸው 40 በመቶው ደግሞ ዑጋንዳውያን ነበሩ።

ይህ ቁጥር ድህነት የለም አይልም። ነገር ግን «መጤው ሥራችንን ይሻማል» ለሚል የከተማ ሹም ሌላ ጥያቄ ያቀርብለታል፦ ለመጤው የንግድ ፈቃድ ብትሰጠው ለነዋሪህ ስንት ሥራ ይፈጥራል? ጥናት ከተማን የሚረዳው ክርክሩን ከግምት ወደ ማስረጃ ሲያመጣው ነው። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የካምፓላ ቁጥር የካምፓላ ነው፤ ሕጉ፣ ገበያውና ቋንቋው ሌላ በሆነበት ከተማ እንደገና መጠየቅ አለበት።

አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ዛሬ

ኢትዮጵያ በ2010 ራሳቸውን መቻል ለሚችሉ ወይም የሚደግፋቸው ዘመድ ላላቸው ኤርትራውያን ስደተኞች ከካምፕ ውጭ መኖርን ፈቀደች። በ2019 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1110 የሥራ፣ የባንክ ሒሳብና የልደት ምዝገባ መብቶችን በወረቀት አሰፈረ። በአዲስ አበባ ጎፋ መብራት ኃይል ብዙ ኤርትራውያን፣ ቦሌ ሚካኤል ብዙ ሶማሊያውያን የሚገኙባቸው ሰፈሮች ናቸው። እዚህ የጥናት ሥራ አዋጁን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ሰውየውን እስከ ቢሮው መስኮት ድረስ መከተል ነው። ፈቃድ ሲጠይቅ ምን ተባለ? ስንት ጊዜ ተመላለሰ? በአዋጁና በመስኮቱ መካከል ያለው ርቀት በሕግ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

የአገር ውስጥ ተፈናቃዩ ቁጥር ደግሞ ከባድ ነው። በ2021 ብቻ በኢትዮጵያ ከ5 ሚሊዮን በላይ መፈናቀሎች ተመዝግበዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የተቆጠረው መፈናቀሉ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተፈናቀለ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ከወለጋ ሸሽተው ደብረ ብርሃን የገቡትን ብንወስድ፣ በቻይና ካምፕ መጠለያ ያሉት ለሁሉም ይታያሉ። በከተማው ክፍል ተከራይተው ወይም ዘመድ ጋ ተጠግተው የቀን ሥራ የሚፈልጉትን ግን በስም የሚያውቃቸው ጎረቤትና ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ከተማውን ለመርዳት የሚነሣ አጥኚ ከባለሱቁ ቢጀምር አይሳሳትም።

ከእኛ ክሊታ የምንማረው

እስራኤል ከአዲስ አበባና ከካምፓላ በጣም የበለጠ ገንዘብ አላት። እኛ ላይ የተደረገውም ጥናት ብዙ ነው፤ በኢየሩሳሌም ያለው የብሩክዴል ተቋም ብቻ እንኳ ለብዙ ዓመታት ስለ ማኅበረሰባችን ሲያጠና ኖሯል። ሆኖም ገንዘብና ወረቀት ስለበዛ ብቻ ነገር አይሳካም።

የማሽካንታውን ታሪክ እንመልከት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ቤተሰቦቻችን በካራቫን ሰፈሮች ይኖሩ ነበር። በ1993 መንግሥት ቤት እንዲገዙ ልዩ ማሽካንታ ሰጠ፤ ሐሳቡም በጠንካራ ከተሞች እንዲሰፍሩ ነበር። ብዙዎቹ በእርግጥ ቤት አገኙ። ነገር ግን በየከተማው የተሰበሰቡት ቤት ርካሽ በሆነባቸው ሰፈሮች ነው። ቤተሰብ ቤት ሲመርጥ ዋጋውን፣ የዘመዱን ቅርበትና የቄሱን ቤት እንደሚያይ ማንኛዋም እናት ትናገር ነበር። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ከውሳኔው በፊት መጠየቅ ነበረበት።

ሌላም አለ። በ2009 በዚሁ በፔታህ ቲክቫ አንዳንድ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ልጆችን አንቀበልም ብለው አገር ሁሉ ተነጋግሮበታል። ያን ጊዜ «ልጆቹ ለምን አልተዋሃዱም?» ብሎ እኛን ብቻ የሚጠይቅ ጥናት ግማሹን ችግር እንኳ አያይም። በር ያንኳኳውን ስንጠይቅ በሩን የዘጋውንም መጠየቅ አለብን። በአፍሪካ ከተሞችም እንዲሁ ነው፤ አከራዩ፣ ባለሱቁ፣ የወረዳው ጸሐፊና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ካልተጠየቁ ጥናቱ ጎዶሎ ነው።

አራት መመዘኛዎች

ካየነው ሁሉ ለራሳችን አራት መመዘኛ አወጣን። ማንም መጠይቅ ይዞ ቢመጣ፣ እኛም ይዘን ብንሄድ እንዲህ እንጠይቅ፦

1. ማን ቀረ? በመዝገብ የሌሉት፣ የተደበቁት፣ በዘመድ ቤት ያሉት ተፈልገዋል ወይ?

2. ማን ይጠይቃል? ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ዝምታውንም የሚያውቅ ሰው ከጠያቂዎቹ መካከል አለ ወይ?

3. ነዋሪውስ ተጠይቋል ወይ? መዋሃድ የሁለት ወገን ሥራ ነውና።

4. መልሱ ወዴት ይሄዳል? ውሳኔ ወደሚሰጠው ቢሮ ይደርሳል ወይ? ወደ ተጠየቀው ሰውስ ይመለሳል ወይ?

ወደ ማሃኔ የሁዳ ተመለስን

አራተኛውን መመዘኛ ለራሳችን ካላደረግነው ለሌላ ልንሰብከው አይገባም አልን። ያገኘነውን በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈን፣ ማንበብ ለማይችሉትም ጮክ ብለን ልናነብላቸው ተመልሰን ሄድን። እኒያ እናት እስከ መጨረሻው አዳመጡን። በወረቀቱ ላይ «ወላጆች በቋንቋ ችግር ምክንያት ወደ ወላጆች ስብሰባ አይመጡም» የሚል ነበረበት።

«ይኼ ልክ አይደለም» አሉን። «ቋንቋውንስ ልጄ ታስተረጉመኛለች። ስብሰባው ማታ ነው፤ እኔ ማታ ጽዳት ሥራ ላይ ነኝ። ጎረቤቶቼም እንደዚያው።»

ሌሎችን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ያንኑ ነገሩን። እኛ በመጠይቁ ላይ «ቋንቋ» የሚል ሣጥን አዘጋጅተን፣ «ሰዓት» የሚል ሣጥን አልነበረንም። በዚያው ብንቀር ኖሮ ምክራችን «ተርጓሚ ይቀጠር» የሚል ይሆን ነበር። ገንዘቡ ይወጣል፤ ወንበሩ ግን ባዶ ይሆናል። አሁን ምክራችን የስብሰባው ሰዓት እንዲለወጥ ነው፤ ይህም ምንም ወጪ የለበትም። ወረቀቱን አርመን ለሰፈሩ ማትናስ ሰጥተናል።

ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባነው የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። ወላጆቻችን ሕይወታቸውን ሙሉ ሲጠየቁ ኖረዋል፤ እኛ ጠያቂ የምንሆንበት ጊዜ ደርሷል። አንድ ቀን ከመካከላችን በጎንደር፣ በአዲስ አበባ ወይም በካምፓላ የሚያጠና ቢወጣ፣ ይህን ከማሃኔ የሁዳ ይዞ ይሂድ፦ መልሱን ይዘህ ካልተመለስክ ስሕተትህን አታውቀውም።

ለውይይት

1. ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ ከመንደር ወጥተው የገቡበት የመጀመሪያው ከተማ የትኛው ነበር? በዚያ ከተማ ማን ረዳቸው?

2. በሰፈራችሁ በየትኛውም መዝገብ የማይገኝ ሰው ማን ነው? ለምን?

3. እስከ ዛሬ ከሞላችሁት መጠይቅ ውስጥ ውጤቱን የነገሯችሁ የትኛው ነው?

4. በምትማሩበት ሙያ አንድ ጥያቄ ለሰፈራችሁ ብታጠኑ፣ ምን ትጠይቃላችሁ? መልሱንስ ለማን ትመልሳላችሁ?