ከስንቱ ስንቱ?

በኅብረተሰብ ጤና አጠባበቅ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለምርምር ዘዴ የሰርተፍኬት ሥልጠና ሲመዘገቡ ብዙዎቹ የሚቸኩሉት ወደ ስታታ ወይም ወደ ኤስፒኤስኤስ ነው። ሶፍትዌሩ ግን የሰጡትን ቁጥር ያሰላል እንጂ ቁጥሩ ከማን እንደተሰበሰበ አይጠይቅም። ይህን መጠየቅ የኤፒዴሚዮሎጂ ሥራ ነው፤ ከስንቱ ስንቱ ታመመ፣ ከመቼ እስከ መቼ?

ይህን ለመማር ከኦቾሎ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በጋሞ ዞን ዓለታማ ተራራ ላይ ያለችው ኦቾሎ፣ በአማርኛ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ለአሥርተ ዓመታት የተጠናባት ስፍራ ናት። አሽፎርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያው ተውሳክ መኖሪያ ሽኮኮ መሆኑን አሳይተዋል። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው በዋሻና በዓለት ስንጥቅ የምታርፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ቁስሉ የሚበዛው ፊት ላይ ነው፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ሲድን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። አንዴ ይዞ የለቀቀው ሰው ባብዛኛው ዳግመኛ አይያዝም።

ወደ አንድ ትምህርት ቤት ገባን እንበል፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔው ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ከ200 ልጆች 8ቱ ቁስል፣ 100ው የዳነ ጠባሳ አለባቸው፤ 92ቱ ምንም የለባቸውም። ዛሬ ታሞ የተገኘው 8 ከ200፣ ማለትም 4 በመቶ ነው። ይህ ሥርጭት ይባላል። በዓመቱ ተመልሰን 5 ልጆች አዲስ ተይዘው ብናገኝስ? ችኩል ተማሪ 5ን ለ200 አካፍሎ 2.5 በመቶ ይላል። ነገር ግን ጠባሳ ያለባቸውና ቀድሞውኑ የታመሙት አዲስ ሊያዙ ከሚችሉት ወገን አይደሉም። ትክክለኛው ታህት 92 ነው፤ መልሱም 5.4 በመቶ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ስህተቱ ግን የልጆቹን አደጋ ከግማሽ በታች አሳንሶ ለጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ያደርጋል። በእንዲህ ያለ ሪፖርት ነው መድኃኒት ሳይላክ የሚቀረው።

ጠባሳን ከዕድሜ ጋር ስናነጻጽር ሌላ ወጥመድ አለ። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ከአንደኛ ክፍል ልጆች የበለጠ ጠባሳ ቢኖርባቸው በሽታው ትልልቆቹን ይመርጣል ማለት አይደለም፤ ጠባሳ አይጠፋምና ብዙ ዓመት የኖረ ብዙ ይሰበስባል። ስለዚህ ዋሻ አጠገብ መኖር አደጋን ይጨምር እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ እኩዮችን ከእኩዮች ጋር ማስተያየት አለበት።

አርባ ምንጭ ሆስፒታል የመጡትን ብቻ መቁጠርም አያዋጣም። ትራንስፖርት ያጣ፣ በባህል መድኃኒት የሚታከም፣ ጊዜ ይፈውሰዋል ብሎ ተራራው ላይ የቀረ ሰው መዝገቡ ውስጥ የለም። ትምህርት ቤት ብቻ የሚቆጥርም ትምህርት ያቋረጠውን ልጅ ያጣዋል።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ የሚያካሂደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ለተማሪ ትልቅ ሀብት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ለቤት እየተዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ይመዘገባል፤ ታህቱ ከግምት ሳይሆን ከመዝገብ ይገኛል። እኔ ብጠየቅ ሠልጣኙ ኮምፒውተር ከመክፈቱ በፊት ከመረጃ ሰብሳቢ ጋር ቢያንስ አንድ ቀበሌ እንዲዞር፣ የጥናቱንም ታህት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለመምህሩ እንዲያሳይ አስገድድ ነበር።