ጠገራ ሲሸጥ፦ በሰብሳቢዎች መካከል የዋጋ ድርድር ሥነ ምግባር

አሮጌ ገንዘብ የምንሰበስብ ሰዎች ቁጥራችን ትንሽ ነው። ዛሬ የሸጥኩለት ሰው ነገ ሻጬ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድርድራችን ከተራ ገበያ ትንሽ ይለያል።

ለምሳሌ የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር እንውሰድ። ንግሥቲቱ የሞቱት በ1780 (እ.ኤ.አ.) ነው። ብሩ ግን ከዚያም በኋላ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲመታ ኖሯል። ታዲያ አንድ ሻጭ ጀማሪውን «ዓመቱን ራስህ አንብበው» ቢለው አልዋሸም፤ ግን አታሏል። ጋዜጠኝነት ለምንማር ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም፤ ግማሹን እውነት ብቻ መንገርም ማሳሳት ነው።

በእኔ አስተያየት ሻጭ መጀመሪያ ዋጋውን ራሱ ይጥራ። «አንተ ስንት ትላለህ?» ማለት የሰውየውን አለማወቅ መለካት ነው። ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበት ከነበረ፣ ተፈትጎም ከሆነ ሳይጠየቅ ይናገር።

ገዢም ደንብ አለበት። ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ ከብሩ ዋጋ በታች መጥራት ነውር ነው። ለማስቀነስ ብሎ «ይሄማ ምን ይሠራል!» እያሉ ማጣጣልም ደስ አይልም። ሌላ ሰው እየተደራደረ እያለ ዋጋ ጨምሮ መግባት ደግሞ ጓደኝነት ያበላሻል።

ከሁሉም የሚከብደው የያዙትን ከማያውቁ እናት ላይ መግዛት ነው። እዚያ ላይ ዋጋውን መንገር ያለበት ገዢው ነው። እኛም ስንሸጥ የት እንደተመታ ካላወቅን «አላውቅም» እንበል፤ ዋጋው ቢወርድብንም።