ከወፍ ዋሻ ደን ጥግ ያለች መንደርን ስንጎበኝ ምን እንማራለን?

መግቢያ

የወፍ ዋሻ ደን በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው ገደላማ ተራራ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ የተፈጥሮ ደን ነው። የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይበቅሉበታል፤ ከፍ ባለው ቦታ ደግሞ አስታ ይገኛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከዚህ ደን አስወስደው በመናገሻ ሱባ እንዳስተከሉ ይነገራል። በደኑ ጥግ ያሉ ትናንሽ መንደሮች ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያመርታሉ፤ በግና ከብት ያረባሉ።

የጉብኝቱ ዓላማ ዛፍ አይቶ ለመደሰት ብቻ አይደለም። ደን የሚሳሳው ከጥጉ ጀምሮ ነው። በጥጉ የሚኖረው ቤተሰብ ከደኑ ጉዳት ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ጥበቃው አይዘልቅም። ስለዚህ በመንደሯ ስትደርሱ ከዚህ በታች ያሉትን አራት ነገሮች ተመልከቱ።

1. ምንጩ

ደኑ የዝናብና የጉም ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት ያሰርጋል። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ስለሚሄድ ተጠቃሚው የመንደሯ ሰው ብቻ አይደለም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥር ወር፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ሥር አድርጋችሁ እስኪሞላ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ ከተራቆተ ተዳፋት ሥር ያለውን ምንጭ በዚሁ ወር በተመሳሳይ መንገድ ለኩ። ልዩነቱን ለጎረቤት ስታስረዱ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

2. የገብሱ ማሳ

ጭላዳ ዝንጀሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ዋና ምግቡ ሣር ቢሆንም ገብስ ሲያሽት ማሳ ውስጥ ይገባል። ጥበቃው በአብዛኛው በልጆች ላይ ስለሚወድቅ ከትምህርት ያስቀራል። ባለማሳዎቹ ጥበቃውን በተራ ይከፋፈሉ እንደሆነ፣ በደኑና በማሳው መካከል ክፍት ቦታ ይተዉ እንደሆነ ጠይቁ። ጠባቂው ከሩቅ እንዲያይ ክፍት ቦታው ይረዳዋል። እስከ ዛፉ ሥር ማረስ ግን ሰብሉንም ደኑንም ያስጠቃል።

3. ማገዶው

የሐበሻ ጥድ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ባሕር ዛፍ ግን ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ማገዶና ማገር ከጓሮ ባሕር ዛፍ፣ የጥድ ዘር ደግሞ ከደኑ ማግኘት ይሻላል። ባሕር ዛፉ ከምንጭና ከማሳ ይራቅ።

አንድ ቤተሰብ በሳምንት 2 ሸክም እንጨት ያነዳል እንበል። በዓመት 104 ሸክም ይሆናል፤ 100 አባወራ ባለበት መንደር 10,400 ሸክም ማለት ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ፍጆታውን በግማሽ ቢቀንስ 5,200 ሸክም ይድናል። እንጨት የሚሸከሙት እናቶችና ልጃገረዶች ስለሆኑ አባወራውን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ምድጃው በእርግጥ እየሠራ መሆኑን፣ ከተሰበረ ማን እንደሚጠግነው እማወራዋን ጠይቁ።

4. ንቡና መኖው

ደኑ ሳይቆረጥ ገቢ ከሚያስገኝባቸው መንገዶች አንዱ ማር ነው። ቀፎው በደኑ ዳር ባለ ጓሮ ቢቀመጥ ለክትትል ይመቻል። ማር ለመቁረጥ ችቦ ይዞ ደን መግባት ግን ክልክል ይሁን፤ አስታና ደረቅ የጥድ ቅጠል እሳት ቶሎ ይይዛቸዋል። በማጨሻ ተጠቀሙ። ከብትን ደን ውስጥ ለቆ ማሰማራትም ችግኝ ያስረግጣል፤ ሣር አጭዶ በበረት መመገብ ችግኙንም ፍጉንም ያተርፋል።

ማጠቃለያ

የመንደሯን ሥራ እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም። ከአራቱ ውስጥ በቀበሌያችሁ የሚቻለውን አንዱን መርጣችሁ በራሳችሁ ማሳና ጓሮ ጀምሩ፤ ጎረቤት የሚከተለው ያየውን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቀበሌያችን በደን ጥግ የሚኖሩት እነማን ናቸው? ከደኑ ምን ያገኛሉ? ምንስ ያጣሉ?
ለ. ከታች በምንጩ የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች ከላይ ደኑን ለሚጠብቁት በምን ሊያግዙ ይችላሉ?
ሐ. በእናንተ ቤት በሳምንት ስንት ሸክም ማገዶ ይነዳል? ከየት ይመጣል?