የማይወጋ ጦር፣ የማይከብድ ጋሻ፦ ለዓድዋ ድራማችን ዕቃ አሠራር

በዚህ ዕትም የማቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ድራማ ዕቃ አሠራር ነው። የካቲት 23 እየደረሰ ስለሆነ የድራማው ቡድን ልምምድ ጀምሯል። አንድ ነገር ግን ገና አልተወሰነም፤ የጦርነቱ ትዕይንት ይኑር ወይስ ይቅር የሚለው። አምና በልምምድ ላይ ከባሕር ዛፍ የተጠረበ ጦር የአንድ ልጅ ቅንድብ ቀደደ። ዓይኑን የሳተው በአንድ ጣት ነው። ከዚያ በኋላ ትዕይንቱ ተሰረዘና ዓድዋን ያለ ጦርነት አሳየን። ተዋናዮቹ ተራ በተራ ቆመው ንግግር ሲያደርጉ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች «ጦርነቱ መቼ ነው?» እያሉ ፕሮግራሙ አለቀ።

ዘንድሮ ምክትል ርዕሰ መምህርታችን «ዕቃችሁን አምጡ፣ መጀመሪያ እኔ ላይ ይሞከራል፤ ካላመመኝ ትዋጋላችሁ» ብለዋል። ስለዚህ ዕቃው ካለፈ ጦርነት አለ፤ ከወደቀ ዘንድሮም ንግግር ነው።

በውጭ አገር ሰዎች ሜዳና ጫካ ገብተው የታሪክ ወይም የተረት ሰው እየሆኑ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። የሚና ጨዋታ እንበለው። ከድራማ የሚለየው ተመልካች ስለሌለው ነው፤ የመጣው ሁሉ ተጫዋች ነው፣ ንግግሩም አስቀድሞ በቃል አይጠናም። ዴንማርክ ውስጥ ይህ ጨዋታ በልጆች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ሆብሮ በምትባል ከተማ ደግሞ ኦስተርስኮቭ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ትምህርቱን በዚህ ጨዋታ ያስተምራል። (ቲቸር፣ እኛስ?) እነዚህ ሰዎች ሙሉ ቀን በሰይፍ ሲመታቱ ውለው በደህና ወደ ቤታቸው የሚገቡት መሣሪያቸው በተለየ መንገድ ስለሚሠራ ነው። መሐሉ ቀጭን ዘንግ ነው፣ በዘንጉ ዙሪያ ወፍራም ስፖንጅ አለ፣ ከላይ ላቴክስ የሚባል የጎማ ቅብ ይቀባል። ጫፉ ላይ ግን ዘንግ የለም፤ ስፖንጅ ብቻ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ሰው መሣሪያ በእጅ እየተጨመቀ ይፈተሻል፤ ያላለፈ መሣሪያ ሜዳ አይገባም። እኛ ላቴክስ የለንም፤ ዘዴውን ግን መውሰድ እንችላለን።

ከጦሩ እንጀምር፤ ችግር ያመጣው እሱ ነውና። ለዘንግ እንጨት አትጠቀሙ። ሸምበቆም ቀላል ነው ብላችሁ አትያዙ፤ ሲሰበር አፉ እንደ ምላጭ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ጨርቅ ቤት ጣቃ የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ነው። ጨርቁ ሲያልቅ ስለሚጣል በትሕትና ከጠየቃችሁ ይሰጧችኋል። ቢመታም አያምም፣ ቢሰበርም ይታጠፋል እንጂ አይሾልም። ስፖንጅ ደግሞ ሶፋና ፍራሽ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ቁርጥራጩ አይጠፋም።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። የቱቦው አፍ ክፍት ከሆነ ልክ እንደ ብርጭቆ ጠርዝ ስፖንጁን እየበላ ይመጣና አንድ ቀን ቀዶት ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አፉን በቡትቶ ጨርቅ ጠቅጥቁት። ከዚያ ካረጀ ሸበጥ በቱቦው ልክ ክብ ቁረጡና አፉ ላይ ክደኑበት፣ በፕላስተርም አጥብቁት። ቀጥሎ ስፖንጁን እንደ ጦር ቅጠል ቅርጽ ቁረጡት። ቱቦው ካለቀ በኋላ ስፖንጁ ቢያንስ አንድ ስንዝር መቀጠል አለበት። ስፖንጁ ልል ከሆነ ጫፉ እንደ ሙዝ ቅጠል ይዘነበላል፤ ያኔ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ በጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ ስፉት። የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ለዚህ ግሩም ነው፣ ከሩቅ ብረት ይመስላል። ስፖንጁን በቱቦው ላይ በጨርቅ ቀበቶ ጠፍራችሁ እሰሩት። ማስቲሽ ያጣብቃል የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው ያጣብቃል፣ ግን ሽታው ራስ ያዞራል፣ ለእኛም አያስፈልገንም። ክርና መርፌ ይበቃል።

ሲያልቅ ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ውስጡ ጠንካራ ነገር ከተሰማችሁ ወድቋል፣ ፍቱትና እንደገና ሥሩት። ካለፈ የራሳችሁን ጭን ምቱበት። ጓደኛችሁን አላልኩም፣ የራሳችሁን። የሚወረወር ጦር የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ቱቦም አይኑረው፤ ሙሉ በሙሉ ከተጠቀለለ ስፖንጅ ሥሩት። ሩቅ አይሄድም፤ መድረካችን ራሱ ስምንት እርምጃ ስለሆነ ይበቃል።

ወደ ጋሻው ስመጣ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ውበት አለ። የድሮው ጋሻ ከወፍራም ቆዳ የሚሠራ፣ ክብ፣ መሐሉ ጎበጥ ያለ ነበር። የመኳንንቱ ጋሻ ከፋይ ይለብስና የብር ጌጥ ይደረግበት ነበር። የእኛ ከጋዜጣና ከዱቄት ይሠራል። ቅርጹን ከየት እናምጣ ብለን ስንጨነቅ መልሱ ማድ ቤት ተገኘ፦ የምጣድ ክዳን፣ አክንባሎ። ክብ ነው፣ ጎበጥ ያለ ነው፣ መጠኑም ልክ ነው። እናታችሁን አስፈቅዱ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ግን አትጠይቁ።

ሙጫው እንዲህ ነው። አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ጓጉል እስኪጠፋ በጥብጡ። አምስት ሲኒ ውኃ አፍልታችሁ ብጥብጡን ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት፣ ማማሰሉን አታቋርጡ። አጥሚት ሲመስል አውርዱት። ጨው ጣል አድርጉበት፣ ሻጋታን ያዘገያል። እሳቱ አጠገብ ትልቅ ሰው ይኑር። አክንባሎውን በፌስታል ሸፍኑት፣ አለበለዚያ ወረቀቱ ተጣብቆ እናታችሁም እናንተም ታዝናላችሁ።

ጋዜጣውን በመቀስ አትቁረጡ፣ በእጃችሁ ቅደዱት፤ የሁለት ጣት ስፋት ይኑረው። የተቀደደ ጠርዝ ስስ ስለሆነ ተኝቶ ይጣበቃል፣ የተቆረጠ ግን መስመሩ ይታያል። እያንዳንዱን ቁራጭ ሙጫ ውስጥ ነክራችሁ፣ በጣታችሁ ጨምቃችሁ ለጥፉ። የመጀመሪያው ድርብ ወደ ጎን ከሆነ ሁለተኛው ወደ ቁመት ይሁን፣ ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። ስድስት ድርብ ይበቃል። ሁሉንም ግን በአንድ ቀን አታድርጉት። ሁለት ድርብ፣ አንድ ቀን ፀሐይ፤ እንደገና ሁለት ድርብ፣ አንድ ቀን ፀሐይ። የቸኮለ ጋሻ ከላይ ደርቆ ውስጡ ይሻግታል፣ ሽታውንም ተዋናዩ ተሸክሞት ይውላል። ሲደርቅ ከክዳኑ አላቁት፣ መሐሉ ላይ የእርጎ ኩባያ ገልብጣችሁ በወረቀት ለጥፉ፣ ጉብታው እሱ ነው። ጠርዙን በጨርቅ ክፈፉት። ለመያዣ ሁለት ቦታ ቀዳችሁ የድሮ ቀበቶ አሳልፉ። ስታስቀምጡት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ዱቄት ነውና አይጥ ይወደዋል።

ቀለም ለመግዛት አትቸገሩ። የቡና አተላ ከሙጫው ጋር ስትለውሱት የቆዳ መልክ ይሰጣል፣ የተፈጨ ከሰል ጥቁሩን፣ ቀይ አፈር ቀዩን። ለብሩ ጌጥ የብስኩት መጠቅለያ ገልብጡት፣ ውስጡ ያብረቀርቃል። ለጎፈር ደግሞ ቃጫ ፈትታችሁ በጨርቅ ጥብጣብ ላይ ደርድራችሁ ስፉ፤ በቡና አተላ ብትነክሩት ከሩቅ የአንበሳ ጠጉር ነው።

እዚህ ላይ የድራማውን ደራሲዎች አንድ ነገር ልናገራቸው። በድራማችን ውስጥ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ጦርና ጋሻ ብቻ ይዘው ነው የሚታዩት። ይህ ትክክል አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አብዛኛው የአፄ ምኒልክ ወታደር ጠመንጃ ነበረው። ውጅግራውም ሰናድሩም ነበር፣ መድፍም ነበር። ባልቻ አባ ነፍሶን የሚሠራው ልጅ ያለ መድፍ ምን ሊሠራ ነው? ጦር ብቻ የምናሳይ ከሆነ፣ አፄ ምኒልክ ስንት ዓመት መሣሪያ ሲገዙና ሲዘጋጁ እንደቆዩ ሕፃናቱ አያውቁም፤ በድፍረት ብቻ የተሸነፈ ይመስላቸዋል። ጠመንጃ መሥራት ደግሞ ከጋሻ ይቀላል። ጋዜጣ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ አፈሙዙ እሱ ነው፤ ሰደፉን ከሦስት ድርብ ካርቶን ቁረጡ። መድፉ የጣቃ ቱቦና ሁለት የካርቶን ጎማ ነው። ርችት ግን በፍጹም። ተኩሱን ከመጋረጃ ጀርባ በባልዲ ነጋሪት እናሰማለን።

ሌላም አለ። አምና መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን ውኃ ሲያስይዙ፣ አንዱ ወታደር ቢጫ ጄሪካን ይዞ ወጣና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጄሪካን ጀርመኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩት ዕቃ ነው፣ ዓድዋ ደግሞ በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። ዘንድሮ ገንቦ እንሥራ። ፊኛ ነፍታችሁ እንደ ጋሻው በጋዜጣ ሸፍኑት፣ ሲደርቅ ፊኛውን አፈንዱት፣ አንገቱን ከካርቶን ጨምሩ። የእጅ ሰዓትም አውልቁ እባካችሁ።

ዕቃው ጥሩ ቢሆንም አያያዙ ካልተጠና ዋጋ የለውም። ከአንገት በላይ መምታት የለም። ጦር ሲሰነዘር ወደ ጋሻ እንጂ ወደ ሰው አይሁን፤ ጋሻው የተሠራው ለዚህ ነው። ምቱ ሲደርስ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉት፤ ለተመልካች ትልቅ የሚመስለው አነሣሡ ነው፣ ማረፊያውን ማንም አያየውም። ፊታውራሪ ገበየሁ የሚወድቁበት ቦታ ላይ ፍራሽ ይነጠፍ። አንድ ሰው ከተጎዳ ደግሞ ሁሉም የሚቆምበት ቃል ያስፈልጋል። «ቁም!» እንዳንል ድራማው ውስጥ አለ። «ውኃ!» እንዳንል መቀሌ ላይ አለ። ስለዚህ ቡድኑ «ዕረፍት!» በሚለው ተስማምቷል። እሱን ሰምቶ የማይቆም ተማሪ እስካሁን አላየሁም።

የዕቃ ፍተሻው የፊታችን ዓርብ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። ጦር ያለው ሁሉ ጦሩን፣ ጋሻ ያለው ጋሻውን ይዞ ይምጣ። ጋሻው ገና እርጥብ የሆነበት ከነአክንባሎው ያምጣው፣ እዚያው ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ስፖንጅ ያነሰው የሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ አለ፣ መርፌ ግን ሁለት ብቻ ስለሆነ የራሳችሁን ያዙ።