እየታጠበ የሚያገለግል የአየር ማጣሪያ ለመኪና ይበጃልን?

ለመለዋወጫ አስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

በመኪና መለዋወጫ ንግድ የተሰማሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ ከተለመደው የወረቀት አየር ማጣሪያ ጎን ለጎን፣ እየታጠበና ዘይት እየተቀባ ደጋግሞ የሚያገለግል የጥጥ ማጣሪያ በገበያ ላይ ይገኛል። ዋጋው ከወረቀቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ነገር ግን «አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ተብሎ ስለሚቀርብ የብዙ ሰው ልብ ይማርካል። ገዢው በባንኮኒው ፊት ቆሞ «ይኸኛው ይሻለኛልን?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ባለሱቁ የሚሰጠው መልስ የገዢውን ሞተርና የራሱን መልካም ስም የሚነካ ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በመወሰኑ፣ እንዲህ ያለ መኪና በእጁ የሚገኝ ሰው ሞተሩን ጠብቆ ለረጅም ዘመን ማቆየት ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ ሞተርን የሚያስረጅ ነገር ሁሉ የባለቤቱን ሀብት የሚበላ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ይገባል።

1ኛ. የማጣሪያው ሥራ

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በሚገባ ለማቃጠል በክብደት ከነዳጁ 14 እጥፍ በላይ የሚሆን አየር ይፈልጋል። ይህም በይዘት ሲታሰብ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን በባሕር ጠረፍ ወደ 9,000 ሊትር፣ አየሩ በሚሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ወደ 12,000 ሊትር ያህል አየር ነው። እንግዲህ 40 ሊትር ቤንዚን የሞላ መኪና ያንን ነዳጅ እስኪጨርስ ድረስ 480,000 ሊትር ያህል አየር ይስባል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አየር የሚያልፈው በዚያች አንዲት ማጣሪያ ውስጥ ነው።

የመንገድ አቧራ ለዓይን ልስልስ ቢመስልም፣ አብዛኛው የደቀቀ ድንጋይ ነው። በውስጡ የሚገኘው ኳርትዝ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት የጠነከረ ስለሆነ፣ በሲሊንደሩ ግድግዳና በፒስተኑ ፋሻ መካከል ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከዚያም ከሞተሩ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ብሮንዚናው ይደርሳል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። ከጊዜ በኋላ ግን መኪናው ዘይት መጨረስ፣ ሰማያዊ ጭስ ማውጣትና ጉልበት ማጣት ይጀምራል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ወርዶ መታደስ ያስፈልገዋል። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ ከማጣሪያው እንደ መጣ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

2ኛ. የማጣሪያ ዐይነቶች

እየታጠበ የሚያገለግል ማጣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን «ቮልስ» እየተባለች የምትጠራው የፎልክስዋገን መኪና፣ እንዲሁም አያሌ የቀድሞ ላንድሮቨሮች፣ አየሩን በዘይት በተሞላ ሳሕን ላይ አሳልፈው ያጠሩት ነበር። ባለቤቱም ሳሕኑን እያወረደ ያጥብና አዲስ ዘይት ይጨምር ነበር። የታጠፈው የወረቀት ማጣሪያ ይህን ቦታ የወሰደው፣ ደቃቁን አቧራ አብልጦ ስለሚይዝና መካኒክ ሳያስፈልግ በደቂቃዎች ስለሚለወጥ ነው።

አሁን የምንነጋገርበት ማጣሪያ በሽቦ መረብ መካከል የተደራረበ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ አቧራው እንዲጣበቅበት ልዩ ዘይት ይቀባል። በዚህ ዕቃ ስሙ የታወቀው ኬ ኤንድ ኤን የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። ዕቃው በመጀመሪያ ዝናን ያገኘው በእሽቅድምድም መኪናዎችና በሞተር ብስክሌቶች ዘንድ ነው። ለእሽቅድምድም ባለሙያ የሚበጀው ግን ለታክሲ ነጂ ሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ሞተሩን ከውድድር በኋላ ይፈታዋል፣ ሁለተኛው ግን ለዓመታት ሳይፈታ እንዲያገለግለው ይሻል።

3ኛ. በመቶኛ የሚነገረው ቁጥር

የማጣሪያዎች ችሎታ አይ ኤስ ኦ 5011 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ይመረመራል። በምርመራው የታወቀ አቧራ በታወቀ መጠን ይነፋበትና ያስቀረው ይመዘናል። ደኅና የወረቀት ማጣሪያ ዘወትር 99 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። ዘይት የተቀባው ጥጥ እንደ አሠራሩ ይለያያል፤ ከ96 እስከ 99 ከመቶ የሚይዝ አለ።

ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። 99 እና 97 ሲሰሙ የተቀራረቡ ይመስላሉ። ነገር ግን ሞተሩን የሚጎዳው በማጣሪያው ላይ የቀረው ሳይሆን ያለፈው ነው። ለምሳሌ ያህል 100 ግራም አቧራ ወደ ማጣሪያው ቢደርስ፣ የመጀመሪያው 1 ግራም፣ ሁለተኛው 3 ግራም ያሳልፋል። ልዩነቱ ሁለት ከመቶ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ነው። በአስፋልት ብቻ በሚሄድ መኪና ዘንድ ወደ ማጣሪያው የሚደርሰው አቧራ ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱ ላይታወቅ ይችላል። በበጋ ወራት በጠጠር መንገድ ወይም ግንባታ በበዛበት ሠፈር ለሚመላለስ መኪና ግን ይህ ሦስት እጥፍ በሞተሩ ዕድሜ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ከዚህም ጋር፣ የወረቀት ማጣሪያ ጥቂት አቧራ ከያዘ በኋላ ከአዲሱ ይልቅ በደንብ እንደሚያጠራ ማወቅ ይጠቅማል፤ የያዘው አቧራ ራሱ ቀዳዳውን ያጠበዋልና። ስለዚህ በየሳምንቱ በኮምፕረሰር ማስነፋት ጥቅም የለውም። ይልቁንም ኀይለኛው ንፋስ ወረቀቱን ሊቀድድ ይችላል። የተቀደደ ማጣሪያ ደግሞ ካለመኖሩ ብዙም አይሻልም።

4ኛ. ስለ ጉልበትና ስለ ነዳጅ ቁጠባ የሚነገረው

ብዙ ጊዜ «ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል» ይባላል። የጥጡ ማጣሪያ አየርን በቀላሉ ማሳለፉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ንጹሕ ወረቀት የሚያስቀረው ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ተራ ነጂ በመሪው ላይ ሆኖ ልዩነቱን አይለየውም።

ስለ ነዳጁም ቢሆን፣ በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ የነዳጅ መርጫ ባላቸው መኪናዎች ላይ የተደፈነ ማጣሪያ እንኳ የነዳጁን ፍጆታ ይህን ያህል እንዳልለወጠው ታውቋል፤ የቀነሰው የመኪናውን የመፍጠን ችሎታ ነው። ኮምፒውተሩ ለሚገባው አየር የሚመጥን ነዳጅ ብቻ ይሰጣልና። የተደፈነውን መለወጥ ነዳጅ ካልቆጠበ፣ ንጹሕ ወረቀትን በጥጥ መለወጥ ይቆጥባል ብሎ ለደንበኛ ተስፋ መስጠት አይገባም።

5ኛ. የማጠቡ ሥራና አደጋው

የታጣቢው ማጣሪያ ጥቅም በአጣቢው እጅ ነው። ለዚሁ በተዘጋጀ ማጽጃ ይታጠባል፤ ውሃውም በዝግታ፣ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ወገን መፍሰስ አለበት። ቤንዚን፣ ኀይለኛ የውሃ ግፊት፣ ኮምፕረሰርና እሳት ጨርቁን ያበላሹታል። ከታጠበ በኋላ በጥላ ፈጽሞ እስኪደርቅ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ከዚያም ልዩው ዘይት በልክ ተቀብቶ እስኪሰርጽ ይጠበቃል፤ የሞተር ዘይት በፍጹም አይተካውም።

ዘይቱ ካነሰ አቧራው ያልፋል። ከበዛ ደግሞ በአየሩ ተወስዶ፣ ከማጣሪያው ቀጥሎ በሚገኘው የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር ላይ ሊያርፍ ይችላል። በዚያ ሴንሰር ውስጥ ያለው የጋለ ቀጭን ሽቦ በዘይትና በአቧራ ሲሸፈን የተሳሳተ ልክ ስለሚያነብ፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ የማስጠንቀቂያው መብራትም ይበራል። ሁሉም መኪና ይህ ሴንሰር የለውም፤ ስለዚህ ሻጩ የመኪናውን ዐይነት መጠየቅ ይገባዋል።

6ኛ. የወጪው ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል የወረቀቱን ዋጋ 1 ብንለው፣ ታጣቢው ከነማጽጃውና ከነዘይቱ 6 ሆነ እንበል። ባለመኪናው ወረቀቱን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለውጥ ከሆነ፣ ገንዘቡ የሚካካሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ላይ የማጠቢያው ጊዜ፣ ማጣሪያው እስኪደርቅ መኪናው የሚቆምበት ቀን፣ ማጽጃና ዘይት ሲያልቅ ደግሞ የሚገዛበት ወጪ ይጨመራል። ለታክሲ ነጂ አንድ ቀን መቆም የዕለት እንጀራውን ማጣት ነው። ስለዚህ ሒሳቡ የሚያዋጣው ብዙ ኪሎሜትር ለሚሄድ፣ የራሱ ጋራዥና የሠለጠነ ሠራተኛ ላለው፣ እንዲሁም ተለዋጭ ማጣሪያ በመደርደሪያ ለሚያኖር ድርጅት ነው።

7ኛ. ለነጋዴዎች የሚሰጥ ምክር

አስመጪው ታጣቢ ማጣሪያ ሲያዝዝ፣ የአይ ኤስ ኦ 5011 ምርመራ ውጤት በጽሑፍ እንዲላክለት ይጠይቅ፤ ማጽጃውንና ዘይቱንም ከማጣሪያው ጋር አብሮ ያስመጣ። ማጣሪያውን ሸጦ ዘይቱን አለማቅረብ ደንበኛን በመንገድ ላይ እንደ መጣል ይቆጠራል። በወረቀቱም በኩል አስመሳይ ዕቃ ስላለ፣ እጥፋቶቹ እኩል መሆናቸው፣ የዙሪያው ጎማ ለስላሳና ሙሉ መሆኑ፣ ማጣሪያውም በቤቱ ውስጥ ያለ ክፍተት መግጠሙ ይመርመር። ከሁሉ የሚከፋው ማጣሪያ በጠርዙ አየር የሚያሾልክ ነውና።

ባለሱቁ ደግሞ ለገዢው ሦስት ጥያቄ ያቅርብ። መኪናው የሚሄደው በአስፋልት ነው ወይስ በአቧራማ መንገድ? ማጣሪያውን የሚያጥበው ማን ነው? መኪናው የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር አለውን? ገዢው አቧራማ መንገድ የሚያዘወትር ከሆነ፣ ወይም አጣቢው በውል ካልታወቀ፣ ደኅና የወረቀት ማጣሪያ ሸጦለት ፋብሪካው ለአቧራማ አገር በወሰነው ኪሎሜትር እንዲለውጥ ይምከረው። አብዛኛው ደንበኛ ከዚህ ወገን ነው። በአስፋልት የሚሄድ፣ ጥንቃቄን የሚያውቅና ዕቃውን በሥርዐት የሚይዝ ገዢ ከሆነ ግን ታጣቢውን ያለ ሥጋት ሊሸጥለት ይችላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች የሞተር አየር ማጣሪያ የላቸውም፤ ለተሳፋሪው የሚገባውን አየር የሚያጠራ ማጣሪያ ግን አላቸው። የወደፊቱን ገበያ የሚያስብ አስመጪ ይህንንም ቢያስታውስ ይጠቀማል።

ከወረቀቱ የሚገኘው ትርፍ ከታጣቢው ያንስ ይሆናል። ነገር ግን ሞተሩ በደኅና የቆየለት ገዢ በየጊዜው ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል፤ ሞተሩ የወረደበት ግን በቀረው ዘመን ሌላ ሱቅ ይፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለባለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለነጋዴውም የሚሠራ ነው።